ኩንታል ወይስ ኪሎ? ቀለል ያለ ኑሮ ለሚፈልግ የጅማ ሸማች የንጽጽር መመሪያ

ኑሮውን ቀለል ማድረግ ለፈለገ ሰው የሚሰጠው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «በጅምላ ግዛና ተገላገል» ይላል፤ ጤፉ በኩንታል፣ ዘይቱ በጀሪካን፣ ሳሙናው በካርቶን ይግባና ለሁለት ለሦስት ወር የገበያ ጣጣ ይረሳ። ሌላው «ቤትህን መጋዘን አታድርገው፣ የዕለቱን በዕለቱ» ባይ ነው። በሁለቱም የተመረረ ሰው አለ፣ በሁለቱም የተመቸው ሰው አለ። ልዩነቱን የሚያመጣው የዕቃው ዓይነት፣ የቤቱ ስፋትና ወሩ ነው፤ ጅማ ላይ ደግሞ ከሁሉም በላይ እርጥበቱ።

እዚህ የሚነጻጸሩት አምስት መንገዶች ናቸው፦ ብቻን በጅምላ መግዛት፣ ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ መግዛት፣ የሸማቾች ማኅበር ሱቅ፣ የሐሙስ ገበያ፣ እንዲሁም የሰፈር ሱቅና ጉሊት። የትኛው ነጋዴ ይሻላል የሚለውን አልነካም፤ ዘንድሮ ደህና የነበረ ነጋዴ ለከርሞ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር፦ ጅምላ ኑሮን የሚያቀልለው ለጥቂት ዕቃዎችና በዓመቱ ውስጥ ለጥቂት ወራት ነው። ከዚያ ውጭ ቤት የገባ ኩንታል የሚጠበቅ፣ የሚገለባበጥ፣ አይጥ የሚጠራ ተጨማሪ ሥራ ነው።

## መጀመሪያ መመዘኛው

ቤት ሲደርስ የሚወጣው ዋጋ። እህል ተራ ላይ የተጠራው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። አንድ ስሌት እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ለማስላት እንዲመቹ የተወሰዱ እንጂ የሰሞኑ ገበያ ዋጋ አይደሉም። ሱቅ ውስጥ የተነፋ ጤፍ ኪሎው 150 ብር ነው እንበል። እህል ተራ ኩንታሉ 13,800 ብር ከሆነ በኪሎ 12 ብር፣ በኩንታሉ 1,200 ብር ተረፈ ማለት ነው። ለተሸካሚና ለባጃጅ 250 ብር ሲወጣ 950 ይቀራል። ጤፉ ሲነፋ 3 ኪሎ አፈርና ገለባ ቢወጣው በ138 ብር ሒሳብ 414 ብር ሄደ። የቀረው 536 ብር ነው። ቤተሰቡ ኩንታሉን በ80 ቀን ከጨረሰው የቀን ትርፉ 7 ብር አይሞላም። ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ከሻገተ፣ አይጥ ከበላው ወይም «ሞልቷል» ተብሎ በዋዛ ከወጣ ያቺም ትርፍ አለቀች።

ይህን የምለው ጅምላ አያዋጣም ለማለት አይደለም። በኪሎ ያለው ልዩነት 12 ሳይሆን 30 ብር የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ስሌቱ ይገለበጣል። ነገር ግን ልዩነቱን ሳያሰሉ «በጅምላ ርካሽ ነው» ብሎ መነሳት ብዙ ቤት የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ስታነጻጽሩ እህልን ከእህል፣ ዱቄትን ከዱቄት ጋር ይሁን። ያልተነፋ፣ ያልተፈጨ ጤፍን ሱቅ ከሚሸጠው ዱቄት ጋር ማነጻጸር የወፍጮውን ሒሳብ መርሳት ነው።

የጅማ እርጥበት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቅ ያለች ከተማ ናት፤ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፣ ዝናቡም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ጥቅምት ይዘልቃል። እህል ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። በጥር ደርቆ የገባ በቆሎ በሐምሌ ያው በቆሎ አይደለም። ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ነቀዝ ይራባል፤ የበቆሎ ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው ፍሬው ውስጥ ስለሆነ ስትገዙ ንጹሕ የመሰለ እህል ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ተበሳስቶ ይገኛል። ከሁሉ የከፋው ሻጋታው ነው። በቆሎ፣ ኦቾሎኒና በርበሬ ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ፤ መርዙ በመቀቀልም በመቁላትም አይጠፋም። ስለዚህ «የሻገተውን ለቅሜ ልጠቀምበት» የሚባለው ቁጠባ አይደለም።

እህሉ መድረቁን ከመግዛታችሁ በፊት በቀላሉ ማወቅ ይቻላል። ደረቅና ንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ ያዙ፤ ሢሶውን እህል ሙሉት፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩ፣ ክዳኑን ግጠሙና ለአንድ ደቂቃ ያህል ናጡት። ከዚያ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ። ጨውዋ የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈች እህሉ እርጥብ ነው፤ ተመልሳ ወደ ታች ከወረደች ለማስቀመጥ ደርሷል። ነጋዴው «እመቤቴ፣ የዘንድሮ ነው፣ ጥርስሽ ላይ ሞክሪው» ይላል። በጥርስ መሞከሩም መጥፎ አይደለም፤ ደረቁ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ እርጥቡ ይላላል። ጠርሙሱ ግን አይዋሽም፣ ነጋዴውንም አያስቀይምም።

ቦታ። ኩንታል የሚቀመጠው መሬት ላይ አይደለም፣ ግድግዳ ተደግፎም አይደለም። በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ክንድ ያህል ርቆ፣ ከላይ ጣሪያው የማያፈስበት ቦታ ይፈልጋል። ይህ ቦታ ከሌለ ንጽጽሩ እዚሁ ያልቃል።

በአንዴ የሚወጣ ገንዘብ። ደመወዝ በገባ ማግስት ግማሹን ኩንታል ላይ አፍስሶ በሃያኛው ቀን ለልጅ ትራንስፖርት መበደር ቀለል ያለ ኑሮ አይደለም። በሌላ በኩል፣ ብር ይዞ መቆየትም ዋጋ አለው። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ በ2010 ዓ.ም. 7 በመቶ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ የገበያው ዋጋ ስንት ጊዜ ጥሎት እንደሄደ ሸማች ሁሉ ያውቀዋል። በእርግጠኝነት የሚበላ፣ በእርግጠኝነት የማይበላሽ ዕቃ ካለ፣ ትርፍ ገንዘብን እሱ ላይ ማሳረፍ ብልህነት ነው። ሁለቱ «በእርግጠኝነት» ግን አብረው መሟላት አለባቸው፤ ተበድሮ በጅምላ መግዛት ደግሞ በምንም ስሌት አይመጣም።

እጅ መላላት። ሞልቶ ያለ ነገር እጅን ያላላል። ስኳር በኪሎ ሲገዛ ሻይ ላይ አንድ ማንኪያ የነበረው፣ 10 ኪሎ ቤት ሲገባ ሁለት ይሆናል። ይህ ከዕቃ ዕቃ ይለያያል፦ ሳሙና ሞላ ተብሎ ሁለት ጊዜ አይታጠብም፤ ዘይት፣ ስኳርና ቅቤ ግን ሲሞሉ ይፈሳሉ።

ጣጣው። ስንት ጊዜ መውጣት፣ ስንት ጊዜ መከራከር፣ ቤት ውስጥ ስንት ነገር መጠበቅ አለ? ቀለል ያለ ኑሮ የሚፈልግ ሰው ከዋጋ ቀጥሎ ሊመዝነው የሚገባው ይህን ነው። በተግባር ግን መጨረሻ ላይ የሚታሰበው እሱ ነው።

## አምስቱ መንገዶች በመመዘኛው ሲታዩ

### ብቻን በጅምላ

የሚመቸው ፍጆታውን ለሚያውቅ ቤት ነው። ፍጆታን ለማወቅ መዝገብ መያዝ አያስፈልግም፤ ማዳበሪያው ሲከፈት ቀኑን በእስክሪብቶ ላዩ ላይ ጻፉ፣ ሲያልቅ ቁጠሩ። ይህን የምትለኩበት ወር ግን ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ባይሆን ይሻላል። በጾም ሽሮና ምስሩ ይበረታል፤ በረመዳን ለአፍጥር የሚሆነው ዱቄትና ዘይት ከወትሮው ይበልጣል። በዚያ ወር ተለክቶ ለዓመት ከተገዛ የተረፈው የነቀዝ ነው።

ለጅምላ ወሩ ወሳኝ ነው። የጤፍ ምርት በኅዳርና ታኅሣሥ ይሰበሰባል፤ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት ገበያው ይሞላል፣ ዋጋውም ይለዝባል። በነሐሴና መስከረም ደግሞ ይወደዳል። ጅማ ላይ የምርቱ ወቅትና የበጋው ወቅት አንድ መሆኑ እድል ነው፤ እህሉ በሚረክስበት ጊዜ አየሩም ይደርቃል። በጥር የተገዛ ኩንታል ሁለት ጥቅም አለው፣ ርካሽም ነው ደረቅም ነው። በሐምሌ የተገዛ ኩንታል ውድም ነው፣ እርጥበትም ይዞ ነው የሚገባው። ስለዚህ «በጅምላ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ጥር ላይ አንድ መልስ፣ ሐምሌ ላይ ሌላ መልስ አለው።

ሚዛኑን በዓይናችሁ እዩ። ኩንታል 100 ኪሎ ነው፣ ማዳበሪያው ሙሉ መሆኑ ግን 100 ኪሎ መሆኑን አያረጋግጥም። አፉ ላይ ያለውን ብቻ አይታችሁም አትክፈሉ፤ ከመሃልና ከታች አስወግታችሁ እፍኝ አውጡ። ደህና ነጋዴ መውጊያውን ራሱ ያቀርባል።

ነቀዝ ለሚደፍረው እህል ፒክስ የሚባለውን ባለሦስት ድርብ ከረጢት እመክራለሁ። ውስጡ ሁለት የላስቲክ ከረጢቶች አሉ፣ ከውጭ ማዳበሪያው ይሸፍናቸዋል። እህሉ ደርቆ ይገባና እያንዳንዱ ላስቲክ አየሩ ወጥቶ ለየብቻው ይታሰራል፤ ውስጥ ያለው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል። መድኃኒት የለበትም። አንድ ጉዳት አለው፤ በየቀኑ የሚከፈት ከሆነ አየር እየገባ ጥቅሙን ያጣል። የሳምንቱን አውጥቶ በሌላ ዕቃ ማስቀመጥ ነው።

ለነቀዝ ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠው ክኒን ሌላ ነገር ነው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው ይህ ክኒን የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ሰው በሚያድርበት ቤት፣ አልጋ ሥር በተቀመጠ ኩንታል ውስጥ እሱን መጨመር በሕይወት መቀለድ ነው። ያለዚያ ክኒን የማይቀመጥ እህል ከሆነ በብዛት አትግዙት።

### ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ

ሁለት ወይም ሦስት ቤት ሆኖ አንድ ኩንታል መግዛት፣ በእኔ ግምት ለአብዛኛው የጅማ ተከራይ ቤተሰብ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። የጅምላውን ዋጋ ታገኛላችሁ፣ የሚቀመጠው ግን 33 ወይም 50 ኪሎ ብቻ ነው፤ ነቀዙ ሳይነቃ ያልቃል። የባጃጁም ሒሳብ ይከፈላል።

አብሮ መግዛት ጎረቤትን ያቀራርባል የሚባለው ግን ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የሚያጣላው ሁልጊዜ ክፍፍሉ ነው። ቤት አምጥቶ በጣሳ ማካፈል የመጨረሻዋ ጣሳ የማን ናት የሚል ክርክር ያመጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ነጋዴው እዚያው ሚዛኑ ላይ በሦስት ማዳበሪያ ይክፈለው፣ እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ያድርግበት። ገንዘቡም ከመገዛቱ በፊት ይሰብሰብ። «እትዬ፣ እኔ የወር መጨረሻ እሰጥዎታለሁ» ካለ ሰው ጋር በመጀመሪያው ዙር አትግቡ፤ ለሰውየው ክፋት ብዬ አይደለም፣ ብድርና ጤፍ ሲደባለቁ ጉርብትናው ስለሚጎዳ ነው።

### የሸማቾች ማኅበር ሱቅ

ስኳር፣ ዘይትና አንዳንዴ ዱቄት ከውጭው ገበያ በታች የሚገኝበት መንገድ ነው። ዋጋው ደህና ነው፣ በትንሽ መጠንም ይሰጣል፤ ስለዚህ ቦታም ሆነ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ችግሩ አቅርቦቱ ነው። ሲመጣ ሰልፍ አለ፣ ሳይመጣ ወር ያልፋል። እሱን ብቻ ተማምኖ ወጥ መጣድ አይቻልም። ሲገኝ የሚወሰድ፣ ሳይገኝ የማይጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት። አባል ካልሆናችሁ የአባልነት ዕጣ ስንት እንደሆነና ምን እንደሚያስገኝ መጠየቅ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው።

### የሐሙስ ገበያ

ሐሙስ የሚቆመው የሂርማታ ገበያ ጅማ ከተማ ከመሆኗ በፊትም የነበረ ገበያ ነው፤ በአባ ጅፋር ዘመን የቅፍለት ነጋዴ ከየአቅጣጫው ይወርድበት ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በበጋ ጥሩ ቀን እስከ ሠላሳ ሺህ ሰው ይሰበሰብበት እንደነበር ተጽፏል። «በበጋ» የምትለዋን ልብ በሉ፤ ዛሬም ዝናብ የገጠሩን መንገድ ሲያጨቀየው ገበያው ይሳሳል፣ ዋጋውም ይወጣል።

ሐሙስ ጠንካራ የሚሆነው ለጥራጥሬ፣ ለድንች፣ ለቀይ ሽንኩርት፣ ለጎመን፣ ለማርና ለቡና ነው። በሳምንት አንድ ቀን ወጥቶ ለሰባት ቀን መሸመት ለብዙ ቤት የሚበቃ ሥርዓት ነው፤ ጅምላ የሚሰጠውን «ተገላገልኩ» የሚል ስሜት ያለ መጋዘን ይሰጣል። ድክመቱ መስፈሪያው ነው። ጣሳ ኪሎ አይደለም፤ አንድ ጣሳ ምስርና አንድ ጣሳ ባቄላ አንድ ዓይነት አይመዝኑም፣ ታቹ ወደ ውስጥ የገባ ጣሳም አይጠፋም። ደንበኛ ያደረጋችኋት ሻጭ ጣሳ ስንት ኪሎ እንደሚወጣ አንድ ጊዜ ሱቅ ሚዛን ላይ አስመዝኑ። ከዚያ ወዲያ ክርክር አያስፈልግም።

ከሥራ የማይለቀቅ ሰው ሐሙስን እንደ አማራጭ መቁጠር አይችልም። በሌላ ቀን ሄዶ የሚያገኘው የነጋዴውን እንጂ የገበሬውን ዋጋ አይደለም።

### የሰፈር ሱቅና ጉሊት

በኪሎ ሲሰላ ከሁሉ ውድ ነው፤ በብክነት ሲሰላ ከሁሉ ርካሽ ነው። አንድ መደብ ቲማቲም፣ ሦስት ራስ ሽንኩርት፣ የአሥር ብር ቃሪያ ገዝቶ የሚጥለው የለም። ቦሳ ቂጦም ሆነ መንደራ፣ ከበር ወጣ ሲባል ጉሊት አለ፤ ማከማቸቱን እሷው ትሠራልን ዘንድ ነው በኪሎ ጥቂት የምንጨምርላት። ዱቤም አለ፤ ወር መጨረሻ ላይ ዱቤ ያላዳነው ቤት ጥቂት ነው። ግን ዱቤ የተመዘገበበት ደብተር ዋጋ አይጠየቅበትም፣ ሳምንት ሲጠራቀም ከታሰበው በላይ ይሆናል። የኔ ምክር፦ ለአትክልት ጉሊት፣ ለአስቸኳይ ሱቅ፤ ለጤፍና ለዘይት ግን በዱቤ ሱቅ ላይ መንጠልጠል ደመወዝን የሚበላ ነው።

## ንጽጽሩ ባጭሩ

| አማራጭ | የኪሎ ዋጋ | በአንዴ የሚወጣ ገንዘብ | የብልሽት ስጋት በክረምት | ቦታ | ጣጣ |
|---|---|---|---|---|---|
| ብቻን በጅምላ | ዝቅተኛ፣ በጥር ይበልጥ ዝቅ ይላል | በጣም ብዙ | ከፍተኛ (ከጤፍ በቀር) | ጓዳ ይፈልጋል | አንዴ ከባድ፣ ከዚያ ጥበቃ |
| ተካፍሎ | ለጅምላው የቀረበ | መካከለኛ | መካከለኛ | አንድ ጥግ ይበቃል | ሰው ማስተባበር |
| የሸማቾች ማኅበር | ዝቅተኛ | ትንሽ | የለም ማለት ይቻላል | አያስፈልግም | ሰልፍና መጠበቅ |
| የሐሙስ ገበያ | መካከለኛ | መካከለኛ | ትንሽ | ትንሽ | በሳምንት አንድ ቀን |
| ሱቅና ጉሊት | ከፍተኛ | ትንሽ | የለም | አያስፈልግም | በየቀኑ፣ ግን አጭር |

## ዕቃ በዕቃ

ሠንጠረዡ መንገዶቹን እንጂ ዕቃዎቹን አይለይም፤ ውሳኔው ግን በዕቃው ነው የሚወሰነው።

ጤፍ ለጅምላ የተፈጠረ ነው። ቅንጣቱ ከመድቀቁ የተነሳ ነቀዝ አያገኘውም፤ ደረቅ ከሆነና ከአይጥ ከተጠበቀ ክረምቱን ይከርማል። የሚበላሸው ሲፈጭ ነው። ዱቄቱ እርጥበት ይስባል፣ ሲቆይም ጣዕሙ ይለወጣል፤ ኩንታል ገዝቶ ኩንታሉን አስፈጭቶ ማስቀመጥ የእህሉን ጥቅም ማጥፋት ነው። ከሦስት ከአራት ሳምንት በላይ የሚሆን አታስፈጩ።

በቆሎና ጥራጥሬ ተቃራኒ ናቸው። ባቄላ፣ ሽንብራ፣ ቦሎቄ፣ በቆሎ፦ ሁሉም ነቀዝ ይወዳቸዋል። ፒክስ ከረጢት ከሌለ ከወር ፍጆታ በላይ አትያዙ። የበቆሎ ዱቄት ደግሞ ቅባት ስላለው ቶሎ ይመራል።

ዘይት በ20 ሊትር ጀሪካን በሊትር ይረክሳል፣ ግን አንዴ ከተከፈተ አየርና ብርሃን ያበላሹታል፤ እጅም ያላላል። ለአራት ሰው ቤት 5 ሊትሩ ይበቃል። ጀሪካኑ የተካፍሎ ዕቃ ነው።

ጨው ርካሽ ነው፣ አይበላሽም፣ ስለዚህ ሰው ደርዘን ይገዛል። እኔ አልመክርም። አዮዲን ያለበት ጨው በእርጥበትና በብርሃን አዮዲኑን ቀስ በቀስ ያጣል፤ ጨውነቱ ይቀራል፣ እንቅርትን የሚከላከለው ግን ይሄዳል። አንድ ሁለት ፓኬት፣ በሚገጠም ዕቃ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ።

ስኳር በክረምት ይጋግራል፣ ጉንዳን ይጠራል። ከ5 ኪሎ በላይ ለድግስ ብቻ።

በርበሬና ሽሮ ራሳቸውን የቻሉ ጉዳይ ናቸው። የዓመት በርበሬ ማዘጋጀት የቤት ክብር ተደርጎ ይታያል፤ ክብሩን አልነካም። ግን ጅማ ላይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ማዳበሪያ የሚቀመጥ በርበሬ ክረምት ላይ ይታመቃል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። ዛላውን በበጋ ገዝቶ አድርቆ፣ ግማሹን አሁን ግማሹን ከክረምት በፊት በአንዱ ደረቅ ሳምንት ማስፈጨት ይሻላል። የተፈጨ በርበሬ በጅምላ መግዛት ግን ምን እንደተደባለቀበት ስለማይታወቅ በየትኛውም ወር አይመከርም።

ቡና የጅማ ሰው ዓመቱን ልሸምት ቢል የሚገርም አይደለም፣ ፈረሱላው 17 ኪሎ ነው፣ አዲሱም ከጥቅምት ጀምሮ ይደርሳል። በወር 2 ኪሎ የሚያፈላ ቤት አንድ ፈረሱላ ስምንት ወር ያቆየዋል፤ ያ ማለት የመጨረሻው የሚጠጣው በክረምት እርጥበት ነጥቶና ሽታ ስቦ ነው። ጥሬ ቡና ጎረቤቱ ያለውን ሽታ ሁሉ ይስባል፤ ከናፍጣ፣ ከሳሙናና ከቅመም አርቁት። ከአራት እስከ ስድስት ኪሎ ይበቃል፤ ቡና አገር ላይ ተቀምጦ ቡና ያልቅብኛል የሚል ስጋት አይገባም።

ሳሙና፣ ሶፍት፣ የእቃ ማጠቢያ ያለ ጥርጥር በካርቶን። ባሕር ማዶ የሚመጣ ጥሬ ዕቃ ስላለባቸው ዋጋቸው የምንዛሪውን ይከተላል፤ አይነቅዙም፣ የደረቀ ሳሙና እንዲያውም ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው። የዱቄት ሳሙና ብቻ እርጥበት ስለሚያጋግረው የተከፈተው ይገጠም።

ሽንኩርትና ድንች የሁለት ሳምንት። ብርሃን ላይ ቆይቶ አረንጓዴ የሆነ ድንች አይበላም።

## ለየትኛው ቤት የትኛው

አንድ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ይሁን አዲስ ተቀጣሪ፦ እህል በጅምላ አትግዙ። እንጀራ በቁጥር፣ አትክልት ከጉሊት፣ ሳሙናና ሶፍት በካርቶን። አልጋ ሥር የገባ ግማሽ ኩንታል አይጥ ሲያስተዳድር ነው የሚገኘው።

ደመወዝተኛ ባልና ሚስት ከልጆች ጋር፦ ተካፍሎ መግዛት ዋናው፣ ሐሙስ ወይም ቅዳሜ አንድ የገበያ ቀን፣ የሸማቾች ማኅበር በተገኘ ጊዜ። ዕቁብ ካላችሁ ዕጣው ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ እንዲደርሳችሁ አስቀድማችሁ ከሰብሳቢው ጋር ተነጋገሩ፤ የጅምላ ገንዘብ ከደመወዝ ሳይነካ የሚገኝበት የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ጓዳ ያለው ሰፊ ቤተሰብ፦ ጤፍ በጥር፣ ከሦስት ወር እስከ ስድስት ወር የሚበቃ። በቆሎ የሚበላ ቤት ከሆነ ፒክስ ከረጢቱን ከእህሉ ጋር አብራችሁ ግዙ፣ በኋላ የሚለው አይሠራም።

የቀን ገቢ ያለው ቤት፦ «በጅምላ ቢገዙ ይቆጥቡ ነበር» ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ይህ ቤት ነው፤ ምክሩ ገንዘቡን አብሮ አያመጣም። ከአንድ ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ማደግ ብቻ አብዛኛውን የዋጋ ልዩነት ያስገኛል። ከዘይትና ከሳሙና ጀምሩ፣ ከጤፍ አይደለም።

ከዴዶ፣ ከሰቃ ወይም ከማና እህል የሚላክለት፦ የዘመድ እህል ዋጋ የለውም ተብሎ አይፈተሽም፤ እርጥቡ ግን ያው እርጥብ ነው። ሲደርስ ያንኑ የጠርሙስ ፈተና ፈትኑት፣ ካልደረቀ ሸራ ላይ አስጡት። ከፍጆታችሁ በላይ ከሆነም ሳይነቅዝ ለጎረቤት ማካፈል ነው፤ በግንቦት ነቅዞ ለዶሮ ከሚበተን።

ድግስ ያለበት ቤት፦ ለሠርግ፣ ለማኅበር ወይም ለአረፋ የሚገዛው ከቤት ፍጆታ ጋር አይደመር። ለድግስ ጅምላው ግዴታ ነው፤ ግን ከድግሱ የተረፈ ሃያ ኪሎ ሽንኩርትና ግማሽ ጀሪካን ዘይት «ለቤት ይሆናል» ተብሎ ሲቀመጥ ነው የሚበላሸው። ማን ምን እንደሚወስድ ከድግሱ በፊት ተነጋገሩ።

ዝውውር የሚጠብቅ ሠራተኛ ወይም በሰኔ የሚመረቅ፦ ከመጋቢት በኋላ ምንም በብዛት አታስገቡ። በእጃችሁ ያለው ጤፍ ካልተፈጨ ጎረቤት በገዛችሁበት ዋጋ ይወስደዋል፤ ዱቄት ከሆነ ግን ማንም አይፈልገውም፣ አውቶቡስ ላይም ጭነቱ ከጤፉ ይበልጣል።